11ኛ ክፍል ልጅ ላላችሁ ወላጆች፦ ደብዳቤውን ከክረምት በፊት

አሜሪካ ውስጥ 11ኛ ክፍል የሚማር ልጅ ካላችሁ፣ ትምህርት ቤት ሳይዘጋ ለኮሌጅ ማመልከቻ የሚሆነው የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤ ነገር ይታሰብበት። ልጁ ሜይ ላይ ሁለት መምህራንን በአካል ሄዶ ይጠይቅ። ሴፕቴምበር ላይ ተማሪው ሁሉ ስለሚሰለፍ መምህሩ ይጣደፋል። ልጆቻችን ደግሞ «ላስቸግራቸው አልፈልግም» ብለው ዝም ይላሉ፤ እዚህ ላይ ይሉኝታ አያዋጣም። ማንን ይጠይቅ? «ኤ» ከሰጠው መምህር ይልቅ ትምህርቱ ከብዶት ሲታገል ያየው ይሻላል፤ የሚጽፈው ታሪክ አለውና። አንድ ገጽ ማስታወሻም አብሮ ይስጥ፦ በክፍሉ የሠራውን፣ ታናናሾቹን መጠበቁን፣ ሐኪም ቤት ለአያቱ ማስተርጎሙን ሳይቀር። ልጆቻችን ይህን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም፤ ኮሌጆች ግን ይቆጥሩታል።

ስም ላይ ተጠንቀቁ። ወልደ ማርያም ወይም ገብረ ሥላሴ አንዱ ቦታ ተለያይቶ፣ ሌላው ቦታ ተጣብቆ ከተጻፈ የፈተና ውጤቱና ማመልከቻው ላይገናኙ ይችላሉ። ፋፍሳ (የመንግሥት የኮሌጅ ገንዘብ እርዳታ ማመልከቻ) ላይ በተለይ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ እንዳለው ይሁን።

ኮመን አፕ (ለብዙ ኮሌጆች በአንድ ቅጽ የሚያመለክቱበት ድረ ገጽ) ኦገስት 1 ለአዲሱ ዓመት ይከፈታል፤ ዋናው ድርሰት ከ650 ቃላት አይበልጥም፣ ክረምቱ ለእሱ ይበቃል። ፋፍሳ ደግሞ የሚያየው የቆየ ታክስ ነው፤ በ2027 መኸር ለሚገባ ልጅ የ2025 ገቢያችሁን ይጠይቃል። የዚያን ዓመት ታክስ ያላስገባችሁ ካላችሁ አሁኑኑ አስገቡ።