ጨጓራችሁ ቆስሏል ከተባላችሁ ከምግቡ በፊት መነሻውን ጠይቁ

የጨጓራ ቁስለት ያለበት ሰው ምክር አያጣም። ዘመዱም፣ ጎረቤቱም፣ የሥራ ባልደረባውም የሚከለክለው ነገር አለው። የሚያቃጥል አትብላ፣ ቡና ተው፣ አትናደድ። እኔም ይህን ሁሉ ሰምቻለሁ። የምሠራው በፈረቃ ነው፤ አንዱን ሳምንት ቀን፣ ሌላውን ሌሊት፣ ሙሉ ሰዓቱን ማሽን ፊት ቆሜ። ሆዴን ሲያቃጥለኝ ሁሉም ሰው ጥፋቱን በሌሊት ሥራዬ ላይ ጣለው። ሐኪሟ ግን ስለ ምግብም ስለ ንዴትም አልጠየቀችኝም። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ለወገብሽ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ብላ ነው። ነበረ። ለወራት ዳይክሎፌናክ እወስድ ነበር። የሰገራ ምርመራው ደግሞ ባክቴሪያ አሳየ።

አብዛኛው የጨጓራና የትንሹ አንጀት መነሻ ቁስለት ከእነዚህ ከሁለቱ የሚመጣ ነው። አንዱ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ነው፤ በአጭሩ ኤች ፓይሎሪ ይሉታል። ሌላው እንደ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና አስፕሪን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። ጨጓራችን ምግብ ለመፍጨት ኃይለኛ አሲድ ያመርታል። ራሱን ከዚያ አሲድ የሚጠብቀው በንፍጥ መሰል ሽፋን ነው። ባክቴሪያው ሽፋኑን ያቆስላል። ማስታገሻዎቹ ደግሞ ሽፋኑ እንዲታደስ የሚያደርገውን ንጥረ ነገር ምርት ይቀንሳሉ። ከዚያ በኋላ አሲዱ የራሳችንን ሥጋ ያገኘዋል።

«የጭንቀት በሽታ ነው» የሚለው አባባል ለረጅም ዘመን ሐኪሞችም የሚያምኑበት ነበር። አውስትራሊያውያኑ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባክቴሪያውን ከጨጓራ ሕመም ጋር ሲያገናኙት ብዙዎች አልተቀበሏቸውም። ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ተቆጣ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት አገኙ። ይህን የማነሳው ዛሬም ቁስለት ያለበትን ሰው «ጭንቀታም ስለሆንክ ነው» እያሉ የሚያሸማቅቁ ስላሉ ነው። ጭንቀት ሕመሙን ያባብሳል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሰውን ወደ ሲጋራ ይገፋል። ባክቴሪያውን ግን መረጋጋት ብቻውን አያጠፋውም። ቁስለታችሁ የባሕሪያችሁ ቅጣት አይደለም።

ስለዚህ ቁስለት አለባችሁ ስትባሉ «መነሻው ምንድን ነው? ኤች ፓይሎሪ ተመርምሬያለሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ባክቴሪያው አሁን መኖሩን የሚያሳዩት የሰገራ ወይም የትንፋሽ ምርመራ፣ አለዚያም በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ቀጭን ካሜራ ጨጓራን ማየት) ጊዜ የሚወሰድ ናሙና ናቸው። የደም ምርመራው ግን ድሮ የነበረውንና ዛሬ ያለውን አይለይም። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ አሲድ የሚቀንሱትን ኦሜፕራዞልና መሰሎቹን እየወሰዳችሁ ከተመረመራችሁ ባክቴሪያው እያለ ውጤቱ «የለም» ሊል ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ከምርመራው 2 ሳምንት በፊት ኦሜፕራዞል፣ 4 ሳምንት በፊት ደግሞ አንቲባዮቲክ መቆም አለበት። መቼ እንደምታቆሙ ሐኪማችሁን ጠይቁ እንጂ በራሳችሁ አታቋርጡ።

ባክቴሪያው ከተገኘ ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈጃል። አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ከሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ ጋር ይሰጣል፤ አንዳንዴ ቢስመዝ የሚባል የጨጓራ መድኃኒትም ይጨመራል። እውነቱን ለመናገር ቀላል አይደለም። ክኒኑ ብዙ ነው። አፍ ይመራል፣ ብረት ብረት ይላል። ያቅለሸልሻል፣ ሆድም ሊያስቀምጥ ይችላል። ቢስመዝ ሰገራንና ምላስን ያጠቁራል፤ ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ይደነግጣል። ከአንቲባዮቲኮቹ ሜትሮኒዳዞል ካለበት አልኮል አይነካም። ቴትራሳይክሊን ካለበት ከወተት ጋር አይወሰድም።

ሰው የሚሰንፈው መሐል ላይ ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ ማቃጠሉ ጋብ ይላል፣ «ዳንኩ» ይባልና የቀረው ክኒን መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ሕመሙ ጋብ ያለው አሲዱ ስለቀነሰ ነው፤ ባክቴሪያው ገና አለ። መሐል ላይ ከተቋረጠ ደግሞ መድኃኒቱን ሊለማመድ ይችላል፤ ቀጣዩ ሕክምና ይከብዳል። እኔ ክኒኖቹን በሰዓት ከፋፍዬ በወረቀት ጻፍኩና የቁም ሳጥኑ በር ውስጠኛው ላይ ለጠፍኩት። የዋጥኩትን በእስክሪብቶ እሰርዛለሁ። ስልኬም ላይ ማንቂያ ሞላሁ። አለቃዬን ደግሞ መድኃኒቱ እስኪያልቅ የቀን ፈረቃ እንዲሰጠኝ ለመንኩት፤ ሰጠኝ። መጠየቅ የምትችሉ ከሆነ ጠይቁ። የመብያና የመተኛ ሰዓት ሲጸና ክኒኑም በሰዓቱ ይዋጣል። ማስመለስ ወይም ሽፍታ ከመጣ ደግሞ ዝም ብላችሁ አታቁሙ፤ ለሐኪሙ ደውሉ፣ የሚቀየር አለው።

ሕክምናው ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት ቆይታችሁ ባክቴሪያው መጥፋቱን እንደገና ተመርመሩ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ቁስለቱ የተመለሰበት ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው።

ስለ ኦሜፕራዞል አወሳሰድ ትንሽ ልበል። አሲድ የሚያመነጩት ሴሎች የሚነቁት ምግብ ሲመጣ ነው። መድኃኒቱ ያን ጊዜ ደም ውስጥ መድረስ አለበት። ስለዚህ ከምግብ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ በባዶ ሆድ ይዋጣል። ከበሉ በኋላ ወይም ሲያመን ብቻ መዋጥ ኃይሉን ይቀንሰዋል። «ጠዋት» ሲባል ለሌሊት ሠራተኛ ግራ ያጋባል። የእኔ ሐኪም ከእንቅልፍ ስነሳ፣ ከመጀመሪያው ምግቤ በፊት እንድወስደው ነገረችኝ። ካፕሱሉ አይታኘክም። ረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ሲያቆም አሲዱ ለጊዜው ሊያይል ይችላል፤ ይህ ሁልጊዜ ቁስለቱ ተመለሰ ማለት አይደለም። የሚታኘከው ወይም የሚጠጣው የአሲድ ማርከሻ ፈጣን ነው፣ ግን ለጊዜው ብቻ ነው። ሌሎች መድኃኒቶች እንዳይሠሩ ስለሚያደርግ በመካከላቸው 2 ሰዓት ያህል ክፍተት ስጡ።

አሁን ወደ ማስታገሻው። ወገብ፣ ጥርስ፣ ራስ ምታት፣ የወር አበባ ሕመም፣ ሁሉም በዚያው ክኒን ነው የሚያልፉት። አንዱ መድኃኒት ብዙ የንግድ ስም ስላለው ማሸጊያው ላይ በትንሹ የተጻፈውን ስም አንብቡ። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ፣ ናፕሮክሰን፣ ኢንዶሜታሲን፣ አስፕሪን። አንዳንድ የጉንፋን ክኒን ውስጥም ይገኛሉ። «መርፌው በሆድ ስለማይገባ አይጎዳም» የሚለውን አትመኑ። ጉዳቱ የሚደርሰው በደም በኩልም ነው፤ መርፌውም ያው ነው። መድኃኒት ቤት ስገባ ገና «ደህና ዋላችሁ» ካልኩ ቀጥሎ የምለው «የጨጓራ ቁስለት አለብኝ» ነው። ለተራ ሕመም ፓራሲታሞል በታዘዘው መጠን ከወሰዳችሁት ለጨጓራ ይሻላል። ለወገቤ ደግሞ የሞቀ ውኃ የያዘ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልዬ አደርግበታለሁ፣ በእረፍት ሰዓት እንጠራራለሁ፣ አንዱን እግሬን ዝቅ ያለ ነገር ላይ እያፈራረቅኩ አሳርፋለሁ።

ለልብ ወይም ለስትሮክ አስፕሪን የታዘዘላችሁ ግን ይህን አንብባችሁ እንዳታቆሙ። በራስ ማቆም ከቁስለቱ የባሰ አደጋ ሊያመጣ ይችላል። ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ ጨጓራውን የሚጠብቅ መድኃኒት አብሮ ሊሰጥ ይችላል።

ምግብን ወደ ኋላ ያመጣሁት አውቄ ነው። ቁስለትን የሚያድን ምግብ የለም። የሚያቃጥል ምግብም ቁስለት አይፈጥርም፤ ያለውን ግን ሊያነሳሳው ይችላል። ማን ምን እንደሚያነሳሳበት ደግሞ ይለያያል። እኔን ቡና በባዶ ሆድ ያቃጥለኛል፤ ከበላሁ በኋላ ግን ምንም አይለኝም። ጓደኛዬን የሚጎዳት ቲማቲም ነው። ስለዚህ የሌላ ሰው ዝርዝር አትኮርጁ። ለሁለት ሳምንት ያህል የበላችሁትን፣ ሰዓቱንና የተሰማችሁን በአጭሩ ጻፉ። ተደጋግሞ የሚያስቸግረውን ብቻ ቀንሱ። ሁሉን ነገር ትቶ መክሳትና መድከም ለቁስለቱ አይበጅም።

ወተት ለጊዜው ያበርዳል፤ በኋላ ግን አሲድ እንዲመረት ያነሳሳል፤ መድኃኒት አድርጋችሁ አትያዙት። የትንሹ አንጀት ቁስለት ብዙ ጊዜ ከምግብ ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላና ሌሊት ይነሳል፣ ሲበሉ ጋብ ይላል። ለዚህ ሥራ ቦታ ሙዝ ወይም ዳቦ ይዤ እሄዳለሁ፤ ረጅም ሰዓት ባዶ ሆዴን አልቆይም። ሆድ እስኪወጠር በልቶ ወዲያው መተኛት ግን ቃሩን ያባብሰዋል። ሲጋራ ማዳኑን ያዘገያል፣ ቁስለቱ እንዲመለስም ይረዳል፤ ከምግብ ሁሉ በፊት የሚተው እሱ ነው። አልኮልም የቆሰለውን ይበልጥ ያስቆጣዋል።

ቀጥሎ የምጽፈውን አብሯችሁ ለሚኖር ሰው አንብቡለት፤ እናንተ በተዝለፈለፋችሁ ሰዓት የሚወስነው እሱ ነው። ሰገራ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ፣ ተጣብቆ፣ መጥፎ ሽታ ካመጣ እየደማ ነው ማለት ሊሆን ይችላል። የብረት ክኒንና ቢስመዝም ያጠቁራሉ፤ እነሱን የማይወስድ ሰው ግን አንድም ቀን አይጠብቅ። ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ማስመለስ፣ ድንገት እንደ ቢላ የሚወጋ ሕመም ከጠነከረ ሆድ ጋር፣ ራስን መሳት፣ ቀዝቃዛ ላብና የልብ ምት መፍጠን፣ እነዚህ ሁሉ አሁኑኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱ ናቸው። ሲነጋ እሄዳለሁ አይባልም። ምንም አትብሉ፣ አትጠጡ። የምትወስዷቸውን መድኃኒቶች በየማሸጊያቸው ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ነው።

ያለ ምክንያት መክሳት፣ ምግብ ሲውጡ መያዝ፣ ጥቂት በልቶ ወዲያው መጥገብ፣ ተደጋጋሚ ማስመለስና የደም ማነስ ደግሞ ቀጠሮ የሚያስይዙ ናቸው። ኢንዶስኮፒ ከታዘዘላችሁ አትሽሹ። ለተወሰኑ ሰዓታት ሳይበላ ይቆያል፣ ጉሮሮ ይደነዝዛል፣ ቀጭኑ ካሜራ በአፍ ይገባል። ደስ አይልም፣ ግን ቶሎ ያልቃል። ማደንዘዣ ከተሰጣችሁ የሚመልሳችሁ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። የጨጓራ ቁስለት ከሆነ ከሳምንታት በኋላ ደግሞ እንዲታይ ሊታዘዝ ይችላል፤ አንዳንድ የጨጓራ ካንሰር ቁስለት መስሎ ስለሚታይ መዳኑን በዓይን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

«ልጆቼን አስይዤ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ እኔንም እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። ባክቴሪያው ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ብዙ ጊዜም የሚይዘው በልጅነት፣ ቤተሰብ ውስጥ ነው። ነገር ግን አብዛኛው የያዘው ሰው ቁስለት አያወጣም፣ ምልክትም አያሳይም። እጅ በሳሙና መታጠብ፣ ንጹሕ ውኃ መጠጣት፣ ለሕፃን ምግብ አኝኮ አለመስጠት ይረዳል። ከቤተሰቤ ሆዱን የሚያመው፣ ወይም በቅርብ ቤተሰቡ የጨጓራ ካንሰር የነበረ ሰው ካለ በሚቀጥለው ቀጠሮዬ ላይ ለሐኪሟ እነግራለሁ፤ ማን መመርመር እንዳለበት የምትወስነው እሷ ናት።