ዌልሽ ስትማሩ ዋናውን ግስ አትንኩት

አማርኛ ተናጋሪ ዌልሽ (የዌልስ ሕዝብ ቋንቋ) ሲጀምር ቶሎ ብሎ ዋናውን ግስ ማርባት ያምረዋል። አይፈረድበትም። እጠጣለሁ፣ ትጠጣለህ፣ ትጠጣለች እያልን ነው ያደግነው። ዌልሶች ግን በዕለት ተዕለት ንግግራቸው የአሁኑን ጊዜ ሲያወሩ «እቨድ» (መጠጣት) እንዳለ ነው የሚቀመጠው። የሚረባው ከፊት የሚመጣው «መሆን» ነው፦ ድዊ (እኔ)፣ ዉይት ቲ (አንተ ወይም አንቺ)፣ ማይ ሂ (እሷ)፣ ማይን ኑ (እነሱ)። ቀጥሎ «እን» የምትባል ትንሽ ቃል፣ ከዚያ ግሱ። «ድዊን እቨድ ኮፊ» ሲሉ ቡና እጠጣለሁም ነው፣ እየጠጣሁ ነውም ነው። «እየ»ን የሚተካ ሌላ ቃል አትፈልጉ።

ይህቺ «እን» ብዙ ሰው ታሳስታለች። በአናባቢ ካለቀ ቃል ቀጥላ ስትመጣ «ን» ብቻ ሆና ትለጠፋለች፤ ድዊን ያልነው ለዚያ ነው። «ዚም» (አፍራሹ ቃል) መሃል ሲገባ ግን ራሷን ችላ ትቆማለች፦ ድዊ ዚም እን እቨድ ኮፊ። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ እንረሳታለን። በተቃራኒው «ኢሼ» (መፈለግ) ጭራሽ አይቀበላትም። ቡና ስትፈልጉ «ድዊ ኢሼ ኮፊ» ነው፣ «ድዊን ኢሼ» አይባልም። ደግሞ ከቅጽል ፊት ስትመጣ ፊደል ታለሰልሳለች። «ዳ» ጥሩ ማለት ነው፤ ቡናው ጥሩ ነው ለማለት ግን «ማይር ኮፊን ዛ» ይባላል («ማይ» ላይ የተለጠፈችው «ር» «ቡናው» ላይ እንዳለችው «ው» ናት)። «ዛ»ን ምላስ ጥርስ መሃል አድርጋችሁ በሉት። ግስን ግን እንዲህ አታለሰልስም።

«ማይ»ን «ነው ወይስ አይደለም» በሚል ጥያቄና በአፍራሽ ውስጥ አትክተቱ። እሷ ትዘፍናለች «ማይ ሂን ካኒ» ነው። ትዘፍናለች ወይ? ሲሆን «እዲ ሂን ካኒ?»፣ አትዘፍንም ሲሆን «ድዲ ሂ ዚም እን ካኒ»።

መልሱ ላይ ደግሞ «አዎ» የሚል አንድ ቃል ፍለጋ አትድከሙ። ቡና ትጠጣለህ? ስንባል እኛም «እጠጣለሁ» እንል የለ? እንደዚያው ነው፤ ብቻ የሚደገመው «መሆን» ነው። «እዱ» (ነኝ)፣ «ናግ እዱ» (አይደለሁም)። ስለ እሷ ከተጠየቃችሁ «እዲ»።

ሌላው የኛ በሽታ ብዙ ቁጥር ነው። ልጆቹ ይዘፍናሉ ለማለት «ማይን» የምንል አለን። ስም ሲጠራ ግን ልጁ አንድም ይሁን መቶ «ማይ» ነው፦ ማይር ፕላንት እን ካኒ። «ማይን» ከ«ኑ» ጋር ብቻ ነው።

መዝገበ ቃላት ላይ «ካናቭ» የሚል አጭር እርባታ ብታገኙ አትደሰቱ። በድሮው የጽሑፍ ቋንቋ ልክ እንደኛ «እዘፍናለሁ» ለአሁኑም ለወደፊቱም ይሠራል። በንግግር ግን «ካና ኢ» ካላችሁ ሰሚው ወደፊት ልትዘፍኑ መስሎት ይጠብቃችኋል።

በዕድሜ የገፉ ሰው ሲያጋጥሟችሁ «ዉይት ቲ» አትበሉ። «ድኽ ኺ» በሉ፣ እናንተም እርስዎም እሱ ነው። ይህ የደቡቡ አባባል ነው፤ ሰሜኖቹ «ዳኽ ኺ» ይላሉ። «እኛ»ም ደቡብ «ድን ኒ»፣ ሰሜን «ዳን ኒ» ነው። አንዱን ምረጡና መጀመሪያ እሱን ያዙ።