ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር) ላይ የሠራተኛ ምዘና ዳታ ሲያስቸግር

ክሮንባክ አልፋው (የመጠይቁ ጥያቄዎች እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ የሚለካው ቁጥር) ከ0.7 በታች ወረደ፣ ጭራሽ ኔጌቲቭ ወጣ

ብዙ ሰው እዚህ ላይ መጠይቁን ይረግማል። መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ግን በተቃራኒ የተጻፈ ጥያቄ ነው። «ሥራዬን በሰዓቱ እጨርሳለሁ» እና «ሥራ አሳድራለሁ» አብረው ካሉ ጎበዙ ሠራተኛ ለአንዱ 5 ለሌላው 1 ይሰጣል። ሶፍትዌሩ አማርኛ አያነብም፤ የሚያየው ቁጥሩን ነው። ትራንስፎርም ሜኑ ውስጥ ኮምፒዩትን ከፍተው፣ መልሱ ከ1 እስከ 5 ከሆነ የተገላቢጦሹን ጥያቄ መልስ ከ6 ይቀንሱና አዲስ ቫርያብል ላይ ያስቀምጡት። የድሮውን አይንኩት፤ ሁለቴ ገልብጦ እንደነበረ የመለሰው ሰው አውቃለሁ (ራሴ ነኝ)።

መልሱ ከ1 እስከ 5 ሆኖ አማካዩ ከ5 በላይ ሆነ

መልስ ላጣ ጥያቄ 99 ሞልተዋል፣ ቫርያብል ቪው ላይ ግን ሚሲንግ (የጎደለ መልስ) ብለው አላሳወቁም። ያሳውቁ፤ በቃ።

የአገልግሎት ዘመኑ ተጋነነ

ፋይሉ ላይ ያለው የቅጥር ዓመት የእኛ፣ የተቀነሰበት የፈረንጆቹ ነው። በ2008 ተቀጥሮ በ2017 የተመዘነ ሰው 9 ዓመት አገልግሏል፤ ከ2025 ላይ ከቀነሱ 17 ይሆናል። ሁለቱንም በአንድ አቆጣጠር ያድርጓቸው።

ሁሉም ከ90 በላይ ነው፤ ሲግኒፊካንት (በአጋጣሚ የመጣ ሊባል የማይችል) ልዩነት የሚባል ነገር የለም

ይህን የትኛውም ቴስት አያድነውም። ነጥቡ እድገትና ጭማሪ የሚወስን ከሆነ አለቃው ይሉኝታ ይይዘዋል፤ ለሁሉም 92፣ 94፣ 95 እያለ ያድላል። ልዩነት ከሌለ የሚተነተን ነገር የለም። ስለዚህ ከቲ-ቴስት (የሁለት ቡድን አማካይ ማነጻጸሪያ) በፊት ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን (ነጥቦቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ) ይዩ፤ ከዚያ ኮምፔር ሚንስ ገብተው አማካዩን በመዛኝ ይክፈሉት። አንዱ አለቃ በአማካይ 96፣ ሌላው 91 ሰጥቶ ከሆነ የለኩት የአለቆቹን እጅ ሊሆን ይችላል። ስፕሊት ፋይልን (ዳታውን በቡድን የሚከፍለውን) በመዛኝ አድርገው ዲስክሪፕቲቭስ ላይ ዚ-ስኮር (ነጥቡ ከአማካዩ ያለው ርቀት በስታንዳርድ ዴቪዬሽን ሲለካ) ሴቭ ቢያደርጉ እያንዳንዱ ሠራተኛ ከራሱ አለቃ ነጥቦች ጋር ብቻ ይነጻጸራል። ጉዳት አለው፦ በእውነት ጎበዝ የሆነ ቡድንም እንደ ሌላው ተራ ይሆናል። እኔ የምመርጠው ይሉኝታ የማያውቅ ቁጥር መጨመር ነው፤ በወር የተዘጋ ፋይል፣ ለእርማት የተመለሰ ሥራ፣ የቀሪ ቀናት። እነዚህ ከአለቃው ነጥብ ጋር ኮሪሌሽናቸው (አብረው የመሄዳቸው መጠን) ዜሮ አካባቢ ከሆነ፣ ለጥናትዎ አማካሪ መጀመሪያ የሚያሳዩት ሠንጠረዥ እሱ ይሁን።