ከልጅ ጋር ቻይና፣ ጓንዡ ከተማ ለምትገቡ፦ መጀመሪያ አያቲቱን ተዋወቁ

ቤት ተከራይታችሁ እንደገባችሁ የጎረቤታችሁን አያት ተዋወቁ። ጠዋት ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርሱት፣ ማታ ቦርሳውን አንግተው የሚመልሱት ብዙ ጊዜ እሳቸው ናቸው። እናትና አባት ከሥራ የሚገቡት መሽቶ ነው።

እኔ ይህን ያወቅሁት በቁጣ ነው። በመጣን በሁለተኛው ወር ልጄን ያለ ካልሲ አቅፌ አሳንሰር ስገባ፣ አንዲት አሮጊት ቁርጭምጭሚቷን ጨበጥ አድርገው "ሌንግ! ሌንግ!" አሉኝ፤ ብርድ ማለታቸው ነው። ምን አገባቸው ብዬ ተናድጄ ገባሁ። በማግስቱ በሬን አንኳኩተው የሱፍ ካልሲ ሰጡኝ። እናቴም ብትሆን "ልጅቷን ብርድ አስመታሻት" ማለቷ አይቀርም ነበር።

እዚህ አገር እ.ኤ.አ. ከ1980 ግድም እስከ 2015 ማብቂያ ድረስ ብዙው የከተማ ቤተሰብ ከአንድ ልጅ በላይ እንዳይወልድ ተከልክሎ ኖሯል። ከ2021 ወዲህ ሦስት ቢፈቀድም፣ የዛሬዎቹ ወላጆች ብዙዎቹ ያለ ወንድምና እህት ያደጉ ናቸው። አንድ ሕፃን አራት አያትና ሁለት ወላጅ ይከቡታል፤ የስድስት ሰው ተስፋ አንድ ደብተር ላይ ያርፋል። ስለዚህ የልጃችሁን የፈተና ውጤት ቢጠይቋችሁ ለክፋት እንዳይመስላችሁ። አያት ማንኪያ ይዘው ልጁን እየተከተሉ ያጎርሳሉ፣ እናት "ራሱ ይብላ" ትላለች፤ በዚህ ሙግት መሃል አትግቡ።

የእኛ "አያት" እነሱ ዘንድ ለሁለት ይከፈላል። የአባት እናት "ናይናይ"፣ የእናት እናት "ዋይፖ" ናቸው፤ "ዋይ" ማለት ውጭ ነው። ልጅ የአባት ወገን ብቻ ተደርጎ ይቆጠር ከነበረበት ዘመን የቀረ ስም ነው እንጂ ዛሬ የልጅ ልጅ የሚያሳድጉ ዋይፖዎችም ሞልተዋል። ልጆቻችሁ አሮጊት ሲያገኙ "ናይናይ"፣ የእናታቸውን እኩያ ደግሞ "አዪ" ብለው ሰላም ይበሉ። እማማና እትዬ እንደማለት ነው።

አንድ ነገር ግን በጥንቃቄ። ገበያ ውስጥ ዕቃ የምትሸጥላችሁ ሴት ከሩቅ ገጠር የመጣች ልትሆን ትችላለች። ሁኮ የሚባለው የነዋሪነት ምዝገባዋ ትውልድ መንደሯ ስለሆነ ልጇን ከተማ ማስተማር ይከብዳታል። ለአያት ትታው ትመጣለች፤ ብዙ ጊዜ የምታየው ለቻይና አዲስ ዓመት አገሯ ስትገባ ነው። ልጇን ለእናቷ ትታ ቤይሩት የሄደች እህት ያለው ሰው ይህ አይጠፋውም። "ልጅሽ የት ነው?" አትበሏት፤ ስልኳን አውጥታ ፎቶውን እስክታሳያችሁ ጠብቁ። ለልጃችሁ መንደሪን ስትዘረጋም አትከልክሏት።