ሲያጣምሙት ብቻ የሚሠራ ቻርጀር

ደሴ ላይ የላፕቶፕ ቻርጀሩን መጽሐፍ ጭኖበት የሚሠራ አይቻለሁ። በጉልበቱ ተጭኖ የሚሠራም አለ። እኔ ራሴ ገመዱን በክር ከጠረጴዛው እግር ጋር አስሬ ወራት ገፍቻለሁ። አብሽሩ፣ ብዙ ጊዜ ላፕቶፑ ጤነኛ ነው።

መጀመሪያ የትኛው ገመድ እንደተጎዳ ለዩ። ከሶኬት እስከ ጥቁሩ ሳጥን ያለው 220 ቮልት ይሸከማል፤ ሰው ይገድላል። ከሳጥኑ ወደ ላፕቶፑ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ 19 ወይም 20 ቮልት ነው። እሱ ቢነኩት አይገድልም፣ እሳት ግን ያስነሳል።

ምልክት፦ ሲነካኩት ይሠራል፣ ሲተዉት ይጠፋል።

ምክንያት፦ በላስቲኩ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የመዳብ ክሮች ተበጥሰዋል። ብዙ ጊዜ የሚበጠሱት ገመዱ ከሳጥኑ የሚወጣበት አንገት ላይ ወይም ጫፉ ጋ ነው። ሳጥኑ ላይ አጥብቆ መጠቅለል ያፋጥነዋል። ባለ 65 ዋት ቻርጀር ከ3 አምፔር በላይ ይልካል። ያ ሁሉ በቀሩት ጥቂት ክሮች ሲያልፍ ቦታው ይግላል። ናስትሮ ደግሞ ቁስሉን ይሸፍናል እንጂ የተበጠሰውን አይቀጥልም።

መፍትሄ፦ የተጎዳው በላፕቶፑ በኩል ያለው ከሆነ፣ ጥገና ቤት ቆርጠው አዲስ ጫፍ ይበይዱለታል። ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ከተገላበጠ ላፕቶፑ ሊቃጠል ይችላልና በቴስተር ሳይለካ እንዳትሰኩት። በሶኬት በኩል ያለው ከሆነ ግን ቅጥል የሚባል ነገር የለም፤ ይጣል። አብዛኛውን ጊዜ ከሳጥኑ ተነቅሎ የሚወጣ ስለሆነ ለብቻው ይገዛል። ባለ ሦስት ቀዳዳ ከሆነ ስፒናውም የምድር መስመር ይኑረው።

ሙሉ ቻርጀር ከገዛችሁ ቮልቱ ከድሮው ጋር አንድ ይሁን። አምፔሩ ቢበልጥ ችግር የለውም፣ አይነስ።

ምልክት፦ ሳጥኑ እጅ አያስነካም።

ሞቅ ማለቱ ያለ ነው። የደሴ ብርድ ግን ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ መሥራትን ያስለምዳል፤ ሳጥኑም አብሮ ይሸፈናል፣ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ባዶ ወለል ላይ አውጡት። ያኔም ካልበረደ ወይም የተቃጠለ ከሸተተ ገመዱን አትንኩ። መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ፣ ከዚያ ንቀሉ።

ምልክት፦ ላስቲኩ ተልጧል፣ ቀልጧል።

የአይጥ ጥርስ ሊሆን ይችላል። እኛ ቤት ግን ጥፋተኛው ቡናው ነበር። ቄጠማ ሲጎዘጎዝ ገመዱ ከሥሩ ይቀበራል፤ እንግዳ ሁሉ ይረግጠዋል፣ የከሰል ምድጃውም ጠጋ ይላል። መዳቡ ከታየ ያው ከላይ ያልኩት ነው፦ በሶኬት በኩል ያለው ይጣላል፣ የላፕቶፑ ይቆረጣል።

አሁን ቄጠማው ከመበተኑ በፊት እናቴ "ያንን እባብህን አንሳ!" ትለኛለች።