ለወሊድ መከላከያ ብላችሁ ቅጠል አትጠጡ

ሀዋሳ ገበያ ጤና አዳም ለቡና፣ እንዶድ ለልብስ ማጠቢያ ይሸጣል። «ፅንስ እንዳይዝ» ተብለው ሲጠጡ ግን ሁለቱም አደገኛ ናቸው። ቡና ላይ ጣል የሚደረግ አንድ ዘለላ ጤና አዳም ሌላ ነገር ነው፤ በጭብጥ ተፈልቶ ሲጠጣ ማህፀን ያኮማትራል፣ ጉበትና ኩላሊት ይጎዳል። እንዶድም ዶክተር አክሊሉ ለማ የቢልሃርዝያ በሽታ አስተላላፊ የሆነውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያረጋገጡበት ያው ተክል ነው።

አስተማማኝም አይደሉም። የቅጠል ኃይል እንደ አፈሩ፣ እንደ ወቅቱና እንደ ድርቀቱ ስለሚለያይ «አንድ ስኒ» የሚባል የታወቀ መጠን የለም። ጠጥቶ ደም ማየትም ፅንስ የለም ማለት አይደለም፤ ከማህፀን ውጭ እርግዝናም ያደማል።

ብዙዎች የማያስተውሉት ሌላ ነገር አለ፦ እንዶድም ኮሶም ያስመልሳሉ፣ ያስቀምጣሉ። ስለዚህ በየቀኑ የሚወሰደውን የወሊድ መከላከያ እንክብል በዋጣችሁ በ3 ሰዓት ውስጥ ካስመለሳችሁ ሌላ ዋጡ።

ያለ መከላከያ ግንኙነት ከተደረገ ፖስትፒል የሚባለውን የድንገተኛ ወሊድ መከላከያ እንክብል ከፋርማሲ ግዙ። 1.5 ሚሊግራም ነው፤ እስከ 72 ሰዓት ይወሰዳል፣ በቶሎ ሲሆን ይሻላል። በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሳችሁ ይደገማል። የወር አበባ ከቀኑ ከሳምንት በላይ ከዘገየ የሽንት ምርመራ አድርጉ።

ለዘለቄታው የ3 ወር መርፌ፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበር ወይም ሉፕ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል። የኤችአይቪ ወይም የቲቢ መድኃኒት የምትወስዱ ቀድማችሁ ለነርሷ ንገሩ፤ አንዳንዶቹ በክንድ የሚቀበረውን ያዳክማሉ።

ቅጠል ጠጥታ ሆዷን አጥብቆ የቆረጣት፣ ራሷን የሳተች ወይም በሰዓት ሁለት ሞዴስ የምታርስ ሴት ካለች ሳትውል ሳታድር ሆስፒታል አድርሷት። የጠጣችውንም ቅጠል ይዛችሁ ሂዱ።