ከቤት ሆነው ለሌሎች ድርጅቶች ስልክ ሊያነሱ ላሰቡ፦ ከመፈረምዎ በፊት

አሜሪካ ከገቡ ጥቂት ወራት የሆናቸው ሰዎች «ልጆች ስላሉኝ ከቤት ሆኜ የሪሴፕሽን ሥራ ልሠራ ነው፤ ምን ትመክሪኛለሽ?» እያሉ በተደጋጋሚ ይጠይቁኛል። አብዛኞቹ የሚጠይቁኝ ውሉን ከፈረሙ በኋላ ስለሆነ፣ መልሴን አንድ ጊዜ ጽፌ ማስቀመጥ መርጫለሁ።

አንድ የሕግ ቢሮ፣ አንድ የጥርስ ሐኪም ወይም አንድ የቧንቧ ሠራተኛ የራሱን ሪሴፕሽኒስት መቅጠር ሳይፈልግ ሲቀር ስልኩን ወደ አንድ አገልግሎት ሰጪ ድርጅት ያዞራል፤ ያንን ስልክ ቤትዎ ተቀምጠው የሚያነሱት እርስዎ ነዎት። ጥሪው ሲገባ የየትኛው ደንበኛ እንደሆነና ምን ብለው እንደሚያነሱት በኮምፒውተሩ ላይ ተጽፎ ይመጣል። አሁን የጠበቃው ቢሮ የነበሩት ሰው ከሁለት ደቂቃ በኋላ የጥርስ ሐኪሙ ቢሮ ይሆናሉ፤ ደዋዩም ይህን ማወቅ የለበትም።

እንግሊዝኛዎ በሰዋስው ረገድ እንከን ባይኖረውም ስልክ የራሱ ጣጣ አለው። እኛ «አዎ» ለማለት ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ የምንስባት ነገር በመስመሩ ላይ ወይ አትሰማም፣ ወይ ደዋዩን ታስደነግጣለች፤ በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት አሮጊት «ደህና ነሽ ወይ?» ብለውኛል። ፊፍቲንና ፊፍቲ፣ ሰርቲንና ሰርቲ በጆሮ ስለሚምታቱ ስልክ ቁጥርን አሃዝ በአሃዝ መልሰው ያንብቡ። ደዋዩ «ሦስት ሰዓት ላይ ይደውሉልኝ» ሲል አእምሮዎ በራሳችን አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስት ብሎ እንዳይመዘግበው፣ የቀጠሮውን ሰዓት ከነሰዓት ቀጠናው ጭምር ደግመው ያረጋግጡ፤ ምሥራቅ ዳርቻ ያለው ሦስት ሰዓት ምዕራብ ዳርቻ አሥራ ሁለት ነው።

ስለ ዕቃው ብዙ አልልም፤ ኢንተርኔቱን በኬብል ያገናኙ፣ የጀርባ ድምፅ የሚቀንስ ማዳመጫ ይግዙ፣ የሚዘጋ በር ያለው ክፍል ይኑርዎት። ይህ ልጅ እየጠበቁ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ሕፃን እያለቀሰ የተነሳ ስልክ ደንበኛ ያስኮበልላል፤ ጥሪዎቹ ስለሚቀረጹም ሰበብ ማቅረብ አይቻልም።

እኔን ያቃጠለኝ ግን ውሉ ነው። በ12 ገጽ ውል መካከል የተጻፈውን «ኢንዲፔንደንት ኮንትራክተር» (ተቀጣሪ ሳይሆን በራሱ የሚሠራ የውል ሠራተኛ) የሚለውን ሐረግ ያየሁት ከፈረምኩ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ክፍያው በደቂቃ ነበር፤ ደቂቃው የሚቆጠረው ደግሞ ከደዋይ ጋር በምነጋገርበት ጊዜ ብቻ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ፣ ለስምንት ሰዓት፣ ማዳመጫ ጭኜ በተቀመጥኩበት ቀን የተከፈለኝ ለሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ነበር። ውኃ ለመጠጣት ስነሳ «ለምን ከመስመር ወጣሽ?» የሚል መልእክት ይመጣ ነበርና፣ ጥሪ እስኪገባ የጠበቅሁት ሰዓት የእነሱ ሲሆን ኪሳራው የእኔ ነበር።

ቀጥሎ ጥር መጨረሻ ላይ ለተቀጣሪ የሚሰጠውን የዓመት የደመወዝ ቅጽ፣ ደብልዩ-2፣ ስጠብቅ ለኮንትራክተር የሚላከው 1099 የሚባለው ቅጽ መጣ። ጓደኞቼ የታክስ ተመላሽ ሲቀበሉ እኔ ዕዳ ተነገረኝ። ተቀጣሪ ቢሆኑ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር (ለጡረታና ለአረጋውያን ሕክምና) ከደመወዝዎ 7.65 በመቶ ተቆርጦ ሌላውን 7.65 አሠሪው ይከፍላል፤ በ1099 ሲሠሩ ግን የተጣራ ገቢዎ 400 ዶላር ከደረሰ ሁለቱንም ድርሻ፣ ማለትም 15.3 በመቶውን፣ ከገቢ ግብሩ በተጨማሪ የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት። ይህም እስከ ዓመቱ መጨረሻ አይጠብቅም፤ በሚያዝያ፣ በሰኔ፣ በመስከረምና በጥር 15 ገደማ (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) እየገመቱ በቅድሚያ መክፈል ይጠበቅብዎታል። እኔ አንዱንም ስላልከፈልኩ ቅጣት ተጨመረብኝ። በ1099 ለመሥራት ከወሰኑ ከእያንዳንዱ ክፍያ ሩቡን ያህል በተለየ ሂሳብ ያስቀምጡ፤ የማዳመጫውንና ለሥራው የዋለውን የኢንተርኔት ድርሻ ደረሰኝም ይያዙ፣ ከገቢዎ ላይ ይቀነሳል።

ድርጅቱ «ኮንትራክተር ነሽ» ስላለ ብቻ ኮንትራክተር አይሆኑም። የሥራ ሰዓትዎን፣ አነጋገርዎንና ዕረፍትዎን እነሱ የሚወስኑ ከሆነ ጉዳዩ አከራካሪ ነው፤ የፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ኤስኤስ-8 በሚባል ቅጽ አቤቱታ ተቀብሎ ይወስናል። ውሳኔው ቢያንስ ስድስት ወር እንደሚፈጅ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ይናገራል፤ የእርስዎን የግብር ክፍያ ግን አንድ ቀን ቢያዘገዩ ወለድ ይቆጥርብዎታል። ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት አንድ ጥያቄ በጽሑፍ ያቅርቡ፦ ጥሪ የምጠብቅበት ሰዓት ይከፈላል ወይ? የተሸፋፈነ መልስ ከመጣ እኔ ብሆን አልፈርምም።

«ለዕቃ መግዣ» ብሎ ቼክ ልኮ የተረፈውን ገንዘብ መልሰሽ ላኪልኝ የሚል ቀጣሪ ሌባ ነው። ባንኩ ገንዘቡን በጥቂት ቀናት ውስጥ ሂሳብዎ ላይ ቢያሳይም ቼኩ ሐሰተኛ መሆኑ ከሳምንታት በኋላ ሊታወቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ ዕዳው የእርስዎ ነው። እንዲሁም ሥራው ቤት ውስጥ ስለሆነ የሥራ ፈቃድ አያስፈልግም የሚሉ ሰዎችን አይስሙ፤ በተማሪ ቪዛ ላይ ያለ ሰው ሳሎኑ ውስጥ ያለ ፈቃድ ቢሠራም የጣሰው ያንኑ ሕግ ነው። በተቀጣሪነት የሚወስድዎ ትክክለኛ ቀጣሪ ሥራ በጀመሩ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ሰነዶችዎን አይቶ አይ-9 የሚባለውን የሥራ ፈቃድ ማረጋገጫ ቅጽ መሙላት አለበት፤ የሶሻል ቁጥርዎንም ሥራው ከመሰጠቱ በፊት በቴሌግራም ላኪልኝ አይልዎትም።